በበቆሎው መሀል የበቀለው አደራህ

አባዬ፣

አንተን ከቀበርን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እማዬ በጨረቃ ስለምትቆጥር የእሷ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ። እኔን ግን ጠቦኛል። ለሌላ ሰው መናገር ያቃተኝን ላንተ ልጻፈው ብዬ ነው። ስትናደድ ግራ ጆሮህን ትነካካ ነበር፤ ይህን ብትሰማም እንደምትነካካው አውቃለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ወንድሜ ሙሄ ሚስቱን ይዞ እኛ ግቢ ገብቷል። ሴት ልጅ ወልደዋል፤ ሳቋ ቁርጥ ያንተ ነው፣ ጥርስ የለውም። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ እስከ ላይኛው ሸንበቆ ደርሷል። እኔም አለሁ። ለሰባት ቀን ብዬ በያዝኳት ቦርሳ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። በአስፋልቱ ወደ ደሴ የሚያልፉት መኪኖች ክላክስ ሲያሰሙ የትኛው የማን እንደሆነ ሳላይ መለየት ጀምሬአለሁ።

ለምን እንደቀረሁ ታውቃለህ። ሙሄ ደውሎ "አባዬን አሞታል፣ ነይ" ሲለኝ ኮምቦልቻ ያለው የልብስ ስፌት ቤታችን በኢድ ልብስ ተጨናንቆ ነበር። ይቺን ጨርሼ እመጣለሁ አልኩት። ጨርሼ ስመጣ አንተም ልትጨርስ ደርሰህ ነበር። እጄን ይዘህ፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ፣ "ያቺን ቅጠል አደራ" አልከኝ። ከዚያ ወዲያ ከአፍህ የወጣው ሸሃዳህ ብቻ ነው። በሦስት ቃል አሰርከኝ። የኢድ ልብስ አስበልጣብህ የዘገየች ልጅ እንዴት አልችልም ትበል?

ያቺ ቅጠል የመጣችበትን ቀን አልረሳውም። የግብርና ባለሙያዋ ለገበሬው ሥር ስታድል ሌላው ሰው ሲስቅ፣ አንተ ጣት የምታክል ጥቁር ሥር በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ መጣህ። ስሟ ኮምፍሬ ነው አልከን። አድጋ ያንን ጸጉራም ቅጠሏን ስትዘረጋ ጎረቤታችን ጋሼ ይማም ዳበስ አድርገው "አንተ ሰይድ፣ የአህያ ጆሮ በየሜዳው ሞልቶ ሳለ ተሸክመህ መጣህ?" ብለው ሰፈሩን አሳቁብህ።

አንተና እማዬ በዚያች ጓሮ ስንቱን ዓመት ተከራከራችሁ! እማዬ የበቆሎ ሰው ናት። "በቆሎ ልጅ ያሳድጋል፣ ያንተ ቅጠል ምን ያሳድጋል?" ትልሃለች። አንተ ደግሞ "በቆሎን ማን የሚያሳድገው መሰለሽ?" ትላታለህ። እውነትህን ነበር። ቅጠሏን አጭደህ የበቆሎውን እግር ታለብሰዋለህ፤ የተረፈውን ጀሪካን ውስጥ ዘፍዝፈህ ያንን የሚከረፋ ጥቁር ውሃ ስታጠጣው በቆሎው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። እማዬ ሽታውን አፍንጫዋን ይዛ ትሸሸዋለች፣ እሸቱን ግን ሸሽታው አታውቅም። ልጅ ሆኜ ቁርጭምጭሚቴ ሲዞርም ቅጠሏን ወቅጠህ አሰርክልኝ። ጸጉሯ አሳከከኝና አለቀስኩ። "አብሽሪ፣ አብሽሪ" እያልክ እስኪበርድልኝ አጠገቤ ተቀመጥክ።

አሁን አብሬአቸው ስውል ሁለቱን ለየኋቸው። በቆሎ ልፋት አለው፤ ይዘራል፣ ይኮተኮታል፣ ከዝንጀሮና ከጃርት ይጠበቃል። ግን እሸቱን ሰጥቶ ይደርቃል፣ አገዳው ለከብት ይታጨዳል፣ ሰውም እጁን አራግፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ያንተዋ መጨረሻ የላትም። ዛሬ ባጭዳት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቴ ድረስ ናት። እሷ የምታበቃበት ቀን ስለሌለ እኔም የምሄድበት ቀን አልነበረኝም። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ከእኔ ጤና በፊት "የአባትሽ ቅጠል እንዴት ናት?" ይለኛል። "የአደራ ልጅ" ብለው ይመርቁኛል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ያሰርክብኝ ገመድ ይጠብቅብኛል። መቀስ ያጠነከረው የአውራ ጣቴ ቆዳ ለስልሶ ጠፋ፤ ማጭዱ ሌላ ቦታ ላይ አወጣብኝ።

ግንቦት ላይ ሶፊያ ደወለች። ስፌት ቤቱን አብረን የከፈትነው እሷ ናት። እስከ መስከረም ካልመጣሽ ማሽንሽ ላይ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ስወጣ ቅጠልህ ሐምራዊ አበባዋን አንጠልጥላ፣ ንቡ ይርመሰመስባታል። እሷ ተመችቷታል፣ እኔ እያለቅሁ ነው። ያኔ ጠላኋት። አንተንም ጠላሁህ፣ አባዬ። ይኸው ወጣልኝ።

ጋሼ ይማም በሬዎቻቸውን ይዘው እንዲመጡልኝ ለመንኩ። እማዬ ጓሮው በሙሉ ለበቆሎ ይታረስ ብላለች አልኳቸው። ውሸቴን ነው፤ እማዬ ለቅሶ ሄዳ ነበር። ቅጠሏ ጋ ሲደርሱ በሬዎቹን አቆሙና "ኧረ ዘይኑ፣ የሰይድን አደራ?" አሉኝ። "ይረሱት ጋሼ" አልኩ። ሦስት ጊዜ አመላለሱበት። ጥቁሩ ሥር ማረሻው ላይ እየተሰባበረ፣ ውስጡ ነጭ እያለ ሲወጣ ቆሜ አየሁ። ማረሻ የማይጥለው አረም በአገራችን አይተን አናውቅማ። በቆሎውን በዚያው ሳምንት በገዛ እጄ ዘራሁት። እማዬ ተመልሳ ጓሮውን አየችና ወደ ቤት ገባች።

ዝናቡ ሲጥል ቀድማ የወጣችው ማን ትመስልሃለች? በአንድ ጥግ የነበረችው ቅጠል ማረሻው የሄደበትን ሁሉ ተከትላ ጓሮውን ሞላችው። በቆሎው በመሀሏ ቀጭን ሆኖ ብቅ አለ። ተንበርክኬ እነቅላለሁ፤ ስነቅል ሥሩ ይሰበራል፤ የተሰበረው እንደገና ይበቅላል። ሐምሌ ሲገባ አንድ ቀን ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ እማዬ መጣችና በዚያ በታመመ ጉልበቷ አጠገቤ ተቀመጠች። እማዬ፣ አደራ በላ ሆንኩ አልኳት።

ሳቀች። ወላሂ ሳቀች። እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ "በቆሎዬን አጣበብክብኝ" ብላ አላስቆም አላስቀምጥ ስትልህ፣ አንድ በጋ ሙሉ ቆፍረህ ሥሯን እየለቀምክ ከአጥር ውጭ ጥለህ ነበር አለችኝ። ክረምት ሲገባ ከጓሮውም በቀለች፣ ከአጥሩ ውጭም በቀለች። "ይቺስ እኛንም ቀብራ ትኖራለች" ብለህ ተውካት። እኔ አላወቅኩም እንጂ አንተስ ቅጠሏ እንደማትሞት ታውቅ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እማዬ ጭቃውን በጣቷ እየጫረች "ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው፣ የኔ ዓለም። ሙሄ አለልኝ፤ ከወንድ ልጅ ጋር ግን ምን ይወራል?" አለችኝ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ "አሁን ግን ሂጂ" አለች። ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ቁጣው አልመጣልኝም። ይዣት ተነሣሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል። የማትሞተዋን ቅጠል ለምን አደራ አልከኝ? ያቺ ዘግይታ የደረሰች ልጄ ብታጠፋም የማይጠፋ አደራ ይሁንላት ብለህ ነው? ወይስ አንተም እንደ እማዬ እንዳልሄድ ፈልገህ? ወይስ ትኩሳቱ ነው ያናገረህ? አንድ ቀን አንዱን አምናለሁ፣ በማግስቱ ሌላውን። ገመዱ ተፈቶልኝም እጄ ገና እንደታሰረ ያለው ለዚህ ነው።

ቢሆንም መስከረም ሳይጠባ እሄዳለሁ። የጓሮውን ነገር ሙሄ ተረክቦኛል። ቅጠልህን አልወስዳትም። ጣት የምታክል ሥር ብይዝ የስፌት ቤቱን ጓሮ እንደምትሞላው አውቃለሁ፤ ግን እሷ እኔን አትፈልገኝም፣ ብረሳትም ትኖራለች። ከምድጃው በላይ ጭሱ ላይ ካንጠለጠልከው የዘር በቆሎ እማዬ አንድ ራስ ፈትታ ሰጠችኝ። አንተ በእጅህ ያሰርከው የቀረው እሱ ብቻ ነው። በቆሎ ሰው ካጣ ፍሬው በሽፋኑ እንደታፈነ ይበሰብሳል፤ ካልፈለፈሉትና ካልዘሩት ዘሩ ይጠፋል። እኔ በየግንቦቱ እዘራዋለሁ፣ ማንም አደራ ሳይለኝ።

ልረሳህ እችላለሁ፣ አባዬ። አልረሳህም።

ልጅህ ዘይነብ