የጋሽ ጥድፊያና የረጋችው ድንክ ፈረስ

ወዳጅ ጎረቤት ሁሉ ጋሽ ጥድፊያ እያለ የሚጠራቸው ውድ አባታችን፣ የፈረስ ጫማ ይሠሩ ከነበሩት ቀጥቃጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጋጣ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ወራቸው ሳይሞላ ቸኩለው የመጡ ልጅ ነበሩ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ፤ ከዚያ በላይ ወንበር ላይ መቀመጥ እንደማይሆንላቸው አስተማሪዎቻቸውም እሳቸውም ተስማሙ።

በአንድ የግልቢያ ትምህርት ቤት በጋጣ ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ እዚያው ትኬት ይሸጡ የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ታላቋ ልጃቸው በሰባት ዓመቷ ከደነገጠ ፈረስ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ፤ ሁለተኛ ኮርቻ ላይ አልወጣም አለች። አባታችን በዚያው ሳምንት ሥራቸውን ለቀው ድንክ ፈረስ ማርባት ጀመሩ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ልጃቸው ሳትፈራ የምትቀመጥበትን ፈረስ ማየት።

ምን ዓይነት ፈረስ እንደሚፈልጉ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይዘረዝሩ ነበር፤ ጀርባው አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሰኮናው ጠንካራ፣ በሶምሶማ ሲሄድ ጋላቢውን የማያንገጫግጭ፣ ከሁሉ በላይ ጠባዩ የረጋ። ቁመናው ተሳካላቸው። ጠባዩ ግን እምቢ አለ፤ የሚወለደው ሁሉ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የሚበረግግ ሆነ። ድንጉላ ለወጡ፣ ባዝራ ሸጠው ሌላ ገዙ፤ «ዘሩ ነው፣ ዘሩ!» እያሉ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተንከራተቱ። ውርንጭላውን ሲያበሉት ይቸኩላሉ፣ ሲቦርሹት ይቸኩላሉ፣ ጋጣውን ሲለምድ ወደ ሌላ ያዛውሩታል። በታናሽ ልጃቸው ሠርግ ዕለት እንኳ ፎቶ ሳይነሱ ወደ ባዝራዎቻቸው ሮጠዋል፤ ይህን እስካሁን ይቅር አላልናቸውም።

ከአራት ዓመት በፊት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። በዚያው ሰሞን የተወለደችውን ውርንጭላ እናታችን ቀስ ብለው አሳደጓት። እናቷም አባቷም የበርጋጊዎቹ እናትና አባት ነበሩ፤ እሷ ግን በር ቢላተም ጆሮዋን አታነሳም። እናታችን አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዘሩ ምን አጠፋ? ፈረሶቹን እረፍት የነሳቸው ያንተ እጅ ነው» አሏቸው።  አባታችን ከዚያ ወዲህ ወደ ጋጣው እንዳይወርዱ ራሳቸውን ከለከሉ። ከሕመሙ ይልቅ የከበዳቸው ይሄ ነበር፤ በመስኮት እያዩ ጣታቸውን ሲያፍተለትሉ ይውሉ ነበር።

ባለፈው እሑድ ታላቋ ልጃቸው መስኮቱ ሥር እርካብ ረገጠች። ያቺ እናታችን ያሳደጓት ፈረስ በሶምሶማ ግቢውን እስክትዞር አባታችን እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ቀብረው ንቅንቅ ሳይሉ ተቀመጡ፤ እንባቸውን እንኳ አልጠረጉም። ማክሰኞ ንጋት ላይ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና አንድ ጋጣ ሙሉ በርጋጊ ፈረስ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑርልን። እረፍቱን አይችሉትም ብለን አንሰጋም፤ እሑድ ዕለት አይተናቸዋል።