አፑን ያልተቀበልኩበት ምክንያት

ለወንድሜ ለናኦል፤

የዚህ ቤት የቲማቲም ድልህ ዛሬ ረፋድ ላይ ፈጽሞ ማለቁን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ። ከዚህ ቀጥሎ ጤናህን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ? የአባዬ ሳልስ? እኔ ከማስኬ በላይም በታችም ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ለመመረቂያ ሥራችሁ የቀረው ጊዜ ለአንድ ፍተሻ ብቻ ስለሆነ፣ የክፍሎቹን መግባባት የሚያየው ኢንተግሬሽን ቴስት ይሻላል ወይስ የተጠቃሚውን መቀበል የሚያየው አክሰፕታንስ ቴስት ብለህ ጠይቀኸኛል። የቤት ሠራተኛን ይህን መጠየቅህ አስተዋይነት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለቱንም አይቻለሁና።

የማዳም ልጅ ኢዘዲን፣ በኮሮናው ሰዓት እላፊ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ከሠፈሩ የሸማቾች ሱቅ፣ ከጀምዒያው፣ አስቤዛ የሚያዝበት አፕ ሠራ። መጀመሪያ ክፍሎቹ እርስ በርስ መግባባታቸውን ፈተሸ። ትእዛዙ ለሱቁ ነገረ፣ ሱቁ ለሾፌሩ ነገረ። በዚህ ቤት እንዲህ ሲደማመጡ አይቼ አላውቅም! ኢዘዲን "ኻላስ፣ አለቀ" ብሎ አጨበጨበ። የሥራ ባልደረባው ጀብሪል ግን በስልክ፣ "የሚጠቀምበት ሰው ተቀብሎታል? ቤታችሁ አስቤዛ የሚገዛው ማነው?" አለው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አሁን ጭንቄን ስማ። እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በሳምንት አንዴ፣ ለጀምዒያው ወረፋ ብቻ ነው። እዚያ የጎረቤታችንን ሠራተኛ የሺጥላን አገኛታለሁ፤ ሁለት ሜትር ተራርቀን ሐሜታችንን እየጮህን እናወራለን። አፑን ከተቀበልኩ ሰማይም ሐሜትም በመስኮት ሊሆን ነው።

ስልኩን አገላበጥኩት። ሁሉም የዐረብኛ ጽሑፍ ነው፤ አንድ ፎቶ የለውም። "እኔ ፊደሉን አላውቅም፤ የምገዛው የጣሳውን መልክ አይቼ ነው" አልኩ። ማዳምም "እውነቷን ነው፤ የሁሉም ቤት ሠራተኛ እንዲሁ ናት" አለች። ኢዘዲን ራሱን ያዘ። ለካ አፑን የሠራው፣ ዐረብኛውን ብታነብም ራሷ ለማታዝበት፣ ስልኩን ለሠራተኛዋ ለምታቀብል እመቤት ነበር! ፎቶ ለመጨመር አንድ ወር ያስፈልገኛል አለ።

ስለዚህ ወንድምዬ፣ ክፍሎቹ ገና የማይተዋወቁ ከሆነ አስተዋውቃቸው። ከተግባቡ ግን የቀረችህን ቀን ለሚጠቀምበት ሰው ስጥ። ሰውየው "አልቀበልም" ሲልህም፣ ቢቀበል ምን እንደሚቀርበት ጠይቅ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባዬን ሽሮፑን እንዳይደብቅ ንገረው። እህታችንን ርብቃን ቀሚሴን በአደራ እንጂ በውርስ አልሰጠኋትም በላት።

እህትህ ቲጂ
ሐዋሊ፣ ኩዌት
ሰኔ 7 ቀን 2012 ዓ.ም.

ማረሚያ፦ ከላይ "ፊደሉን አላውቅም" የተባለው "ከሦስት ዓመት ወዲህ አቀላጥፌ አነባለሁ" ተብሎ ይስተካከል። ፊደሉን የማታውቀው የሺጥላ ናት፤ ቃሉ በእሷ ስም እንደተሰጠ ይቆጠር።