ከጾሙ በፊት የሚጀመር ክኒን

ለምወድሽ እህቴ ለኪዳነ ምሕረት፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? የእማዬ ጉልበት የደብረ ብርሃንን ብርድ እንዴት ቻለው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? ወንድማችን ሰይፈ ሚካኤል ሞተሩን ቀስ ብሎ መንዳት ጀመረ ወይስ ያው ነው? እኔም በዛብህም ሶፊም እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የድሬ ሙቀት ገና ሳይብስ ግን እኔ ደክሞኛል።

በስልክ እንዳልነግርሽ ስልካችሁ ሁሌ ድምፁ ክፍት ነው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ይሰማል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። ለብቻሽ አንብቢው።

ሰርግሽ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ ስትሉኝ እልል አልኩ። ወዲያው ከእርግዝና በፊት ስለሚዋጠው ስለዚያ ክኒን ብጠይቅሽ «ከጾሙ በኋላ እጀምራለሁ» አልሽኝ። ኪዱዬ፣ ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ገብቼ ቁጭ አልኩ። እኔም በጊዜዬ ያልኩት ይህንኑ ነው።

በሰርጌ ቀን እንግዳውን ሁሉ ሽቶ ስትረጭ የነበረችው ሱሀይራ ትዝ ትልሻለች? ጎረቤቴ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ቀለበት ያሰርኩ ሰሞን አንድ እሽግ ፎሊክ አሲድ አምጥታ፣ አቦ፣ ከአሁኑ በየቀኑ አንዳንድ ዋጪ አለችኝ። የልጅ አከርካሪ የሚገጥመው በመጀመሪያው ወር፣ እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው ብላ አስረዳችኝ። እኔ ደግሞ ጾም ነው አልኳት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጾሙ ሰበብ ነበር። ማታ ከእራቴ ጋር ብውጠው ማን ይከለክለኛል? የፈራሁት የሰው አፍ ነው። ያን ጊዜ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ብታየኝ፣ የእርጉዝ ክኒን ትውጣለች፣ ሆዷን ይዛ ነው የምታገባው ብላ ሰፈሩን ታዳርሳለች ብዬ ነው። እሽጉን ሳልከፍት ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ከሰርጉ በኋላ በግርግሩ ረሳሁት፤ ወዲያውም ጸነስኩ። ዓይን እንዳይበላኝ ብዬ ደግሞ ያንንም ደብቄ፣ ጤና ጣቢያ የሄድኩት በአራተኛው ወር ነው። ክኒኑን ያኔ ሰጡኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

ሶፊ ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ተወለደች። ለእናንተ ትንሽ እባጭ ነበረባት፣ አዲስ አበባ ወስደን አስወጣንላት ነው ያልኩት። ዋሽቻችኋለሁ። ቀዶ ሕክምናው ቁስሉን ዘጋላት እንጂ እግሮቿን አልመለሰላትም። ሁለት ዓመት ሞላት፣ አትቆምም። ሽንቷን በየአራት ሰዓቱ በቀጭን ቱቦ የማወጣላት እኔ ነኝ። አባቷ በዛብህ ይባረክ፣ ከሥራ ሲገባ ይቀበለኛል። ሰርግሽ ላይ የማልመጣውም ለዚህ ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ልጄን እወዳታለሁ። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ስታጨበጭብ ብታያት አንቺም ትስቂ ነበር። ግን ደክሞኛል፣ እህቴ።

አንድ ቀን ሱሀይራን በእኔ ጥፋት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ብትውጪም ሊደርስ ይችል ነበር፣ ዕድሉ ግን በጣም ያንስ ነበር» አለችኝ። አልዋሸችኝም፣ አልኮነነችኝም። እሽጉ እስከ ዛሬ ሻንጣዬ ውስጥ አለ። ጊዜው አልፎበታል፤ መጣል አቃተኝ።

አንቺ ጾሙ እስኪገባ እንኳ አትጠብቂ፤ ሦስት ቀን ነው የቀረው። ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት ጤና ጣቢያ ሂጂና የእህቴ ልጅ ጀርባዋ ክፍት ሆኖ ተወልዳለች በያቸው። ምን ያህል እንደምትወስጂ እነሱ ይነግሩሻል። ጾምሽን ጹሚ፣ ክኒንሽን ማታ ከእራትሽ ጋር ዋጪ። ሰው ካወራ ያውራ። ያወራ ሁሉ ነገ ልጅ አይዝልሽም።

እማዬ «ተሻለች በቀትር ወንዝ ዳር ስትሄድ ጋኔን ለክፏት ነው ያ እባጭ በልጇ የወጣው» እያለች እንደምትናገር ሰምቻለሁ። ሁለት ዓመት ዝም ያልኩት፣ ከእውነቱ ይልቅ ያ ወሬ ስለተመቸኝ ነው። አንቺም ያንን እያመንሽ ልታገቢ ነው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ሰይፈ ሚካኤልን ስለ ሞተሩ ተቆጪልኝ። ሙሽራሽን ከሩቅ ወድጄዋለሁ በዪው። በዛብህ ሰላም ብሏችኋል፤ ሶፊም እጇን እያወዛወዘች ነው። እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝና አጠገብሽ አስቀምጫት። ለብቻሽ አንብቢው ያልኩሽን ትቼዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢላት።

እህትሽ ተሻለች
ድሬዳዋ፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.