ለክዳኑ የነበረችው መቀመጫ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣ ለሻንግዌ አኩፉና፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በገና ሰሞን የያዘዎ ሳል ለቀቀዎት ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሣዎታል? ከብቶቹስ ደህና ናቸው? ያቺ ቀንደ ሰባራ ላም ወለደች? ውሃው ጉብታችንን ከቦ ጨርሶ ይሆናል፤ ታንኳውም ከደጃፍ ታስሯል ብዬ አስባለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። ልቤ ግን እዚያው እናንተ ዘንድ ስለቀረ፣ እንዴት እንዳለ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን አድርገው ራስዎ ያንብቡት። ሜቤሎ ላንብብልዎ ቢል አይፍቀዱለት፤ ወንድሜ ደስ የማይለውን መስመር ዘሎ የሚያልፍ ሰው ነው፣ እዚህ ውስጥ ደግሞ ደስ የማይል መስመር አለ።

ሉሳካ ያው ሉሳካ ነው። ዓይን የሚያርፍበት ሜዳ የለም፤ የትም ብዞር ግንብ ነው። ዓሣ ያምረኝና እገዛለሁ፤ ከበረዶ ወጥቶ እንጨት እንጨት ይላል። የበቆሎ ገንፎችንን ቡሆቤን በእርጎ ደስ ብሎኝ የበላሁት ባለፈው ከእናንተ ስመለስ ምራትዎ ኢኖንጌ በቅል የሰጠችኝ እርጎ እስኪያልቅ ድረስ ነው። ቅሉን አጥቤ ራስጌዬ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዳንዴ አነሣና አሸተዋለሁ። ይኸው ልጅዎ እዚህ ደርሳለች።

የሚያጽናናኝ ማለዳ ነበር። ሁለት ሰዓት ቢሮ እንደገባሁ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ወንዙ ዳር ያለው ሳጥን በሳተላይት የላከው መልእክት ይጠብቀኛል። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለም ከተቀባው እንጨት ላይ እያነበቡ በሬዲዮ ይናገሩት የነበረውን የውሃ ልክ ዛሬ የሚናገረው እሱ ነው። መልእክቱ አጭር ነው፤ ዘጠና ስድስት ቢት ብቻ። ቢት ማለት፣ ስመጣ እንደነገርኩዎ፣ ረጅም ታንኳ ላይ እንዳለ አንድ መቀመጫ ነው፤ ወይ ሰው አለበት ወይ ባዶ ነው፣ ሌላ ነገር አያውቅም። እኔ ፓይተን በሚባል ቋንቋ በጻፍኳት አጭር ፕሮግራም ተቀማጮቹን በየቡድናቸው እለያለሁ። የማልፈልጋቸውን ወደ ቀኝ እየገፋሁ ከታንኳው አወርዳለሁ፣ ከግራ የተረፉትን እሸፍናለሁ፣ መካከል የቀሩትን እቆጥራለሁ። ይህን ያህሉ የሙቀቱ፣ ይህን ያህሉ የባትሪው፣ ዘጠኙ የውሃው፤ አንዷ ደግሞ የክዳኑ።

ስለ ክዳኑ ዛሬ ልናዘዝ። መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ ለውሃው የመደበው አሥር መቀመጫ ነበር። የእርስዎን ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ወንዙ በሠላሳ አንድ ዓመት ከአራት ሜትር ከዘጠና ስድስት አልፎ አያውቅም፣ ዘጠኝ ይበቃዋል ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። የተረፈችውን አንዷን ሳጥኑ ሲከፈት እንድታመለክት አደረግኋት። ለአለቃዬ ለአቶ ካሶንዴ ሌባ ባትሪውን ቢነካ እንድናውቅ ነው አልኩት። ለእርስዎ ግን፣ ጉብታው ላይ ስልክ ስለማይይዝ፣ ‹‹አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ይዝጉት፤ እኔ ሉሳካ ሆኜ ደህና ማደርዎን አውቃለሁ›› አልኩዎት።

ይኸው ሁለት ዓመት አንድም ቀን አላስተጓጎሉ። ኢኖንጌ እንደነገረችኝ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብለው እያጨበጨቡ ሰላምታ ይሰጡታል፤ ጎረቤቶቹም ‹‹ሽማግሌው ለቆርቆሮ እጅ መንሣት ጀመሩ›› እያሉ ይስቃሉ። እዚህም አብራኝ የምትሠራው፣ እኛን ሎዚዎቹን መተረብ የምትወደው የቶንጋ ተወላጇ ሙቲንታ መዝገቡን ባየች ቁጥር፣ ‹‹አንቺ ሎዚ፣ የእናንተ አገር ሌባ እንዴት ያለ ሰዓት አክባሪ ነው! እሑድ እንኳ አያርፍም እኮ!›› ትለኛለች። ያቺ መቀመጫ ሁለት ቀን ባዶ የሆነችብኝን ጊዜ መቼም አይረሱትም። ነፍሴ ልትወጣ ደርሳ፣ ሜቤሎ ዓሣ ሊሸጥ ሞንጉ ከተማ በወጣበት ደወልኩለት። ገበያውን ጥሎ ሲቀዝፍ ውሎ ቢደርስ እርስዎ መረብ ሲጠግኑ አገኘዎት። ‹‹ልትቀብረኝ ነው የመጣኸው?›› ብለው ጮኹበት። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ፕሮግራሙን ስነካካ አንድ መቀመጫ አብዝቼ ገፍቼ፣ እርስዎን ከታንኳው አውርጄ የጎረቤትዎን ባዶ ቦታ ሳይ ከርሜያለሁ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ዛሬ ጠዋት ውሃው አራት ሜትር ከሰባ ስምንት ነው፤ በቀን አምስት ሳንቲሜትር ይጨምራል። ከላይ በአንጎላ በኩል ካሉት ጣቢያዎች የሚመጣውን ቁጥር አይቻለሁ፤ በደብተሮችዎ ውስጥ እንዲህ ያለ የለም። ሂሳብ ስለሚወዱ ይደምሩት። የመጀመሪያው መቀመጫ አንድ፣ ቀጣዩ ሁለት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ እንዲህ በእጥፍ እያደገ ዘጠነኛው ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ይሆናል። ሁሉም ሲሞሉ አምስት መቶ አሥራ አንድ ሳንቲሜትር ነው። ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲሜትር ስትጨመር ዘጠኙም ባዶ ይሆናሉ። ወንዙ ሜዳውን ሁሉ ውጦ ሳለ ሳጥኑ ዜሮ ነው ይለናል። ከእናንተ በታች ላሉት መንደሮች ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ደግሞ ከዚህ ቁጥር ነው።

ረቡዕ ስብሰባ ላይ አቶ ካሶንዴ፣ ‹‹በቃ የሌባዋን ቢት ለውሃው መልሱለት፤ ሌባውማ ዘመድ ሆኗል›› አለና ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከሙቀቱ ልቀንስ፣ ከባትሪው ልስረቅ ብዬ ሁለት ቀን ታገልኩ፤ ሁሉም ባለቤት አላቸው። አሥረኛዋ ግን ድሮም የወንዙ ነበረች። ትእዛዙን የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ሰኞ ቀትር ላይ ለሳጥኑ ይላካል። ይህ ደብዳቤ በአውቶቡስ ሞንጉ ደርሶ፣ ጀልባ ጠብቆ እጅዎ እስኪገባ ቢፈጥን ረቡዕ ነው። ስለዚህ ይህን ሲያነቡ የመጨረሻው ማለዳ አልፏል። ይህን በሚያነቡበት ቀን ጠዋት ክዳኑን ከፍተው ከሆነ አላየሁዎትም።

ሳልነግርዎ ልቀር ነበር። እየከፈቱ ደስ ይበላቸው፣ ማንን ይጎዳል? አልኩ። ግን ኢኖንጌ ዓመት ሙሉ ደብቃኝ የኖረችውን በቀደም ሜቤሎ ሲደውል ስልኩን ተቀብላ አወጣችው። አምና የንጉሡ ከበሮ ተመትቶ ሰው ሁሉ ወደ ከፍታው ሲወጣ፣ እርስዎ ‹‹ልጄ ትጠብቀኛለች›› ብለው ጉብታው ላይ ብቻዎን ስድስት ቀን ቀሩ። ውሃው ቤት ገብቶ አልጋ ላይ ሆነው ነው የሰነበቱት። አባቴ፣ እኔ እኮ በእነዚያ ስድስት ቀናት መቀመጫዋን ሞልታ ሳያት ‹ተመስገን፣ ደህና ናቸው› እያልኩ ሻይ ልጠጣ እሄድ ነበር! ለካ እዚያ ያሰርኩዎት እኔ ነኝ።

ዘንድሮ ውሃው ጉብታውን ያልፋል። ይህን የምልዎ ስለምሳሳልዎት ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩን ስላየሁ ነው፣ ቁጥር ማመንን ደግሞ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሳጥኑን ይተዉት። ከዚህ በኋላ እዚያ የሚጠብቅዎ የለም። እኔ የምጠብቅዎ ከፍታው ላይ ነው፤ እዚያ ስልክ ይይዛል። የሜቤሎን ስልክ ተቀብለው ይደውሉልኝ፤ እንደ ልማድዎ አንዴ አስጠርተው እንዳይዘጉት። አነሣዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እርስዎ የማውቀው በሕይወት መኖርዎን ብቻ ነው፤ ይህም አንሶኛል። ያውሩኝ፤ ለምን ወሰድሽብኝ ብለው ይቆጡኝ፣ ብቻ ድምፅዎን ልስማ።

ለኢኖንጌ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ስለደበቀችኝ ተቀይሜያታለሁ፣ ስለነገረችኝ ደግሞ ታርቄያታለሁ። አክስቴን ናማሲኩን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ዶሮዎቿን ካልጫናችሁ አልወጣም ብላ እንዳታስቸግር። የሜቤሎን መንትዮች ጉንጫቸውን ሳሙልኝ። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ለሜቤሎ ይስጡትና ይህችን መስመር እሱ ያንብባት፦ ወንድሜ፣ አባባ እምቢ ካሉህ ተሸክመህ ታንኳው ላይ አስቀምጣቸው። ቢመቱህም ቻለው፤ እኔ አሁን እሳቸውን የማይበት ዓይን የለኝም፣ ያለኸኝ አንተ ነህ።

ልጅዎ ናሊሼቦ
ሉሳካ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2018