የነጌሌው ማመልከቻ

አስረስ፣

ነጌሌ ቦረና ለእንስሳት ሕክምና ሥራ ተቀብለውኛል። በጠዋቱ አውቶቡስ ከቡታጅራ ወጥቻለሁ።

የክትባቱ ፍሪጅ ላምባ ሊያልቅበት ነው፤ ሙላው። ቢራህን ግን አውጣ፤ ከብቶቹ አይጠጡም።

የእትዬ ከድጄ ላም ከትናንት ጀምሮ የእንግዴ ልጇ አልወጣም። "ወላሂ፣ ዛሬስ ዶክተሩ ራሱ ይምጣ" ብለዋል። ዶክተሩ አንተ ነህ፤ እኔ ሳጥን ተሸካሚህ ነበርኩ። ጥፍርህን ቁረጥ፤ ማሕፀኗ ውስጥ የሚገባው ያንተ እጅ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ።

"ጽሕፈትህ ያምራል፣ የነጌሌውን ማመልከቻ ጻፍልኝ" አልከኝ። ጻፍኩልህ። በክረምት ጭቃ የመስቃንን መንደሮች በእግሩ እያዳረሰ ከብት የከተበ ሰው ሆነህ ወጣህ። ደግሜ ሳነበው ሰውየውን አወቅሁት። አንተ አልነበርክም።

በሌላ ወረቀት፣ በራሴ ስም ገልብጬ ላክሁት። "ያንተን ፖስታ ቤት አስገብቻለሁ" ያልኩህ ውሸት ነው።

ልነግርህ ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር። ሁለቱን ተኝተህ አገኘሁህ።
ሦስተኛውን ፈራሁ።

ማመልከቻህ ከፋኖሱ ሥር ነው፤ ስምህም እንዳለ ነው። የተጻፈውን ሁሉ ሠርተህ ስትጨርስ ላከው።

ከእትዬ ከድጄ ላም ጀምር።

ውብሸት