ከልስኑ ሥር የነበረችው ስንጥቅ

ጥቅምት 14 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ የሚቆረጥምህ ጉልበትስ? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት ጥርስ አውልቃ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ሌላ ነገር ነው።

አደጋ የደረሰበት የአውቶቡስህ የመሪ ዘንግ ባለፈው ወር እኛ ቤተ ሙከራ መጥቶ ነበር።

ከተሰበረው ዘንግ ተቆርጦ የመጣው ቁራጭ አውራ ጣቴን አያክልም። ወረቀቱ ላይ የታርጋህን ቁጥር አየሁ። ለአለቃዬ ሳልደብቅ፣ "ይሄ የባሌ መኪና ነው" አልኩት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያው አንቺ ማሽኑን ያዢ፤ የማየውና የምፈርመው እኔ ነኝ" አለኝ።

መርማሪዎቹ ቀድመው አይተውት፣ "ዘንጉ ጤነኛ ነበር፤ የተሰበረው በግጭቱ ነው፤ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው" ብለው ነበር። እውነትም እንደ መስታወት ያበራል። አለቃዬ ግን፣ "በብርጭቆ ወረቀት የተወለወለ ብረት ያታልላል። የላዩ ስስ ብረት ተለስኖ ስንጥቁን ይደፍነዋል። እንላጠው" አለ።

በቢላ እንዳይመስልህ። አየሩ ተመጥጦ ባዶ የሆነ ክፍል ውስጥ እናስገባዋለን፤ አርጎን የሚባል ጋዝ ጥቂት እንለቅና በኤሌክትሪክ ኃይል አዮን፣ ማለት ኤሌክትሪክ ያዘለ ቅንጣት፣ እናደርገዋለን። አዮኖቹ በረዶ ቆርቆሮ እንደሚደበድብ ብረቱን ይደበድቡታል፤ በየምቱ ጥቂት አተም ተነቅሎ ይሄዳል። በትንሿ መስኮት ስታየው ግን ድብደባ አይመስልም። ሐምራዊ ብርሃን ነው፤ ኮሽታ የለው፣ ጥላ የለው፣ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። አፍጥጬ እያየሁት ፍዝዝ አልኩ። ጠዋት ጉም ውስጥ ሞተር ስታሞቅ፣ ትንሿን መሪው ፊት ጭንህ ላይ አስቀምጠህ "ንጂኝ እስቲ" ስትላት ታየኝ። መንቃቱን ጠላሁት።

ሥራው ደግሞ ልክ አለው። ካነሰ ልስኑ አይነሳም። ከበዛ አዮኖቹ ራሳቸው ገጹ ላይ ኮረብታና ሸለቆ ያወጡበታል፤ ያኔ የትኛው የብረቱ ቁስል፣ የትኛው የእኛ እጅ ሥራ እንደሆነ አይለይም። ሌላ ቁራጭ ደግሞ የለንም። አለቃዬ "አሥር ደቂቃ ጨምሪ" አለኝ። እኔ ግን የብረቱ ብልጭታ ሲፈዝ አየሁና፣ "ይብቃ" አልኩ።

"ዓይንሽ ነው ልብሽ?"

"ሁለቱም።"

አጠፋነው።

በማይክሮስኮፑ ብዙ አየ። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀልኝና "ነይ እይ" አለ። ከፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ፣ ውስጧን ዝገት የሞላት። እንዲያ ያለ ዝገት ባንድ ቀን አይገባም። ዘንጉ ከአደጋው ወዲህ ደረቅ ቦታ ነው የተቀመጠው፤ ስንጥቋ ከአደጋው ከወራት በፊት የነበረች ናት።

"መሪው እምቢ አለኝ" ብለኸኝ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩህ ሁለታችንም እናውቃለን። "ሁሉም ሹፌር እንዲህ ይላል።" በነጋታው ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። ሩቅ አገር ሄዶ መጋዘን ውስጥ ሣጥን መሸከምን መረጥክ፤ አልፈርድብህም።

ትናንት ፍርድ ቤት ውሳኔው ተነበበ። ነፃ ነህ። መንጃ ፈቃድህም ይመለስልሃል።

ከንባቡ በኋላ በአደጋው እግሯ የተሰበረባትን ተሳፋሪህን፣ አስተማሪዋን፣ ልጠይቃት ሄድኩ። በክራንች መራመድ ጀምራለች፣ እግዜር ይመስገን። ስለ ስንጥቋ ስነግራት አልገረማትም። "እሱማ መሪውን በሁለት እጁ ሲታገለው ከኋላው ተቀምጬ አይቼዋለሁ" አለችኝ። "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" ብላት፣ "ሰው ጉዳቴን ጠየቀኝ እንጂ እሱን የጠየቀኝ የለም" አለች።

ቤቷ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ነው። ስድስት ወር ሙሉ እኔም አንድ ቀን ሄጄ አልጠየቅኳትም።

ና ብዬ አላስጨንቅህም። መንገድህን ያቅናልህ፣ ክፉ አይንካህ፣ እንቅልፍህን ይመልስልህ። ለትንሿ ብቻ ሁለት መስመር ጻፍላት።

ብረቱ ሳይናገር ልትጽፍልህ ይገባት የነበረችው፣

ሚስትህ