ነጎድጓድን ያላባረርኩበት ምክንያት

እጅግ የምወድዎትና የማከብርዎት አባባ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ሐኪሙ ያዘዘልዎት ቅባት ረዳዎት ወይስ እንደ ልማድዎ መስኮት ላይ አስቀምጠው ያዩታል? የእማዬስ ደም ግፊት ወረደላት? ጨው ቀንሻለሁ ስትል አይመኗት፤ እኔ አውቃታለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ደስታው በሆዴ አልያዝ ስላለኝ ነው።

የእንጨት ሥራው ወርክሾፕ አለቃ ሆኜ የተሾምኩ ሰሞን፣ «እኔ ዕድሜ ልኬን ካቦ ነበርኩ። የማይፈራ አለቃ የሠራተኛ መጫወቻ ነው፤ ያንቺ ልብ ደግሞ ቅቤ ነው» ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ገና ከመግባቴ የጠበቀኝ ነጎድጓድ ነዋ!

ነጎድጓድ የምንላቸው መጋዙ ላይ የሚሠሩ አንጋፋ ሰው ናቸው። እጃቸው ወርቅ፣ አፋቸው እሬት ነው። ከኋላ መጥቶ የጠራቸው ሰው ስድብ ጠግቦ ይመለሳል። ከቀለም ቀቢያችን ጋርማ አይጥና ድመት ናቸው።

ባለፈው ወር ለአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ እየሠራን ሳለ ልኬቱ ተለወጠ። ቀለም ቀቢዋ ሄዳ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን አንድ ሙሉ ክምር ጣውላ በድሮው ልክ ቆርጠው ጨረሱት። ምነው ብትላቸው ጭራሽ ጮኹባት። እያለቀሰች ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደች። እሱም አስጠርቶኝ፣ «በዚህ ሳምንት ታባርሪያቸዋለሽ። ካልቻልሽ ቦታውን ለሚችል እሰጠዋለሁ» አለኝ። ወንበሩ ገና ሳይሞቅልኝ!

አባባ፣ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እኚህ ሰው ማሽኑ ጠፍቶ ፊት ለፊት ሲያወሩኝ ለስላሳ ናቸው። ቀልድ ሲወራ ደግሞ መጀመሪያ የሌላውን ፊት ያያሉ፤ የሚስቁት ሰው ሁሉ ስቆ ሲጨርስ ነው። ክፉ ሰው እንዲህ አያደርግም። ይሄ የፈራ ሰው ጠባይ ነው አልኩ በልቤ።

በምሳ ሰዓት ሰዉ ሲወጣ ፊት ለፊታቸው ጣውላ ላይ ቁጭ አልኩ። ስለተበላሸው ሥራ ትንፍሽ አላልኩም። «ጋሼ፣ ይሄ መጋዝ እኔን በዚህ አጭር ጊዜ እንኳ ጆሮዬን ጭው አደረገው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ እንዴት ቻሉት?» አልኳቸው። የመዳፋቸውን ብናኝ አራገፉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ደንቆሮ ከምባል ክፉ ብባል መረጥኩ። ክፉን ሰው ይችለዋል፤ የማይሰማን ግን ማን ማሽን ላይ ያቆመዋል?» አሉኝ። እንባዬ መጣ፤ ግን ዋጥኩት። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልጋቸው አብሯቸው የሚመክር ነበር።

እውነቱ እንዲነገር እሺ ካሉኝ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። «ይሄ መሥሪያ ቤት ነው እንጂ የዕርቅ ሸንጎ አይደለም» አለኝ። እኔም፣ «የሰው ሆድ ማወቅም ሥራ ነው! ዴስኮቹ በቀናቸው ካልደረሱ እኔንም አብረው ያባርሩኝ» አልኩት። እሱም፣ «በቃልሽ እይዝሻለሁ» አለ።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጋዙ ፊት ለፊት ቀይ መብራት ሰቀለልን። እሳቸውን የፈለገ ማብሪያውን ይጫናል፤ እሳቸውም ማሽኑን አቁመው ይዞራሉ። ልኬት ሁሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ቀለም ቀቢዋ ነገሩን ከራሳቸው አፍ ስትሰማ ደንግጣ ቡሩሿ ከነመያዣው ባልዲው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጩኸቱ በረደ፤ ሥራውም እንደ ውሃ ይወርድ ጀመር። ዴስኮቹን ከቀጠሮው ቀድመን አስረከብን! ሥራ አስኪያጁም በሰው ሁሉ ፊት እጄን ጨብጦ የማሸጊያ ክፍሉን ጨመረልኝ። ይቅር ይበሉኝና አባባ፣ ለካ ቅቤ ልብም ያዛል!

ትናንት ጠዋት መጋዙ ሳይነሣ ነጎድጓድ የመስሚያ መሣሪያ አድርገው ገቡ፤ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ቀለም ቀቢዋ በጀርባቸው እያለፈች፣ «እኚህ ሰውዬ ዛሬም ብናኛቸውን ቀለሜ ላይ ሊያዘንቡት ነው» ብላ አጉተመተመች። እሳቸው ዞር እንኳ ሳይሉ፣ «አላዘንብም። ለመሆኑ ስንት ዓመት ሙሉ ስታሚኝ ኖረሻል?» አሏት። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ምንም አልቀረው! እሷም አፏን በእጇ ይዛ ቆይታ አብራ ሳቀች። ማታ ስንወጣ እሳቸው በሩ ላይ ጠብቀውኝ ኮፍያቸውን አወለቁና፣ «ደህና እደሪ፣ አለቃ» አሉኝ። ከዚያ በፊት አለቃ ብሎ የጠራኝ አልነበረም። ከኋላቸው የነበሩትም ሁሉ እየተቀባበሉ «ደህና እደሪ፣ አለቃ!» እያሉ ወጡ። ትናንት በእግሬ የሄድኩ አልመሰለኝም፤ ክንፍ አውጥቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

እማዬን ጉንጯን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ያን ቀበጥ ታናሼን፣ ጫማ ከመጠየቅ አስቀድሞ ፈተናውን ይለፍ ይበሉልኝ። አክስቴን ከነልጆቿ፣ ግድግዳ ተጋሪያችንን ከነሳሏ ሰላም ይበሉልኝ። ምርቃትዎ አይለየኝ።

ልጅዎ፣ የወርክሾፑ አለቃ

ከክፍሌ፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ፣ የካቲት 12 ቀን